ሸርሎክ ሆምስ ዋትሰንን ያፈቅር ነበር? ደራሲው ያለውና ድርሰቱ የሚለው

ጥያቄ፦ «ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ ሸርሎክ ሆምስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሆምስ ለዶክተር ዋትሰን የነበረው ስሜት ከጓደኝነት ያለፈ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ነው የሚሉ ትንታኔዎች አጋጥመውኛል። ለማንም ወሲባዊ ስሜት የሌለው ሰው ነው የሚሉም አሉ። የክፍል ጓደኛዬ ግን ‹ኮናን ዶይል ራሱ ሆምስ ፍቅር አይዘውም ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም› ይለኛል። የደራሲው ቃል ክርክሩን ይዘጋዋል? ካልዘጋውስ የትኛውን ንባብ ልያዝ?»

ምላሽ፦ ጓደኛዎ ግማሽ መንገድ ድረስ ልክ ነው። የልብ ወለዱ መርማሪ የሆምስና የጓደኛው የዋትሰን ፈጣሪ ኮናን ዶይል እንዲያ ብሎ ጽፏል። መቼ፣ ለማን፣ ከስንት ታሪክ በኋላ እንደጻፈው ሳይታይ ግን ቃሉን ክርክር መዝጊያ ማድረግ አይቻልም። ትንታኔዎቹም ቢሆኑ ግማሽ መንገድ ድረስ ልክ ናቸው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ፍቅር መኖሩን ድርሰቱ ራሱ በግልጽ ይናገራል። የሚሳሳቱት «ደራሲው ደብቆ ያስቀመጠው ምስጢር ይህ ነው» ወደማለት ሲሻገሩ ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይተው ከያዙ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከደራሲው ቃል ልጀምር። በብዛት የሚጠቀሰው በ1892 ለጆሴፍ ቤል የጻፈው ደብዳቤ ነው። ቤል በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህሩ ነበር፤ በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ሥራውንና የመጣበትን ቦታ በመናገር የታወቀ ሐኪም፣ ለሆምስም መነሻ የሆነ ሰው ነው። ደብዳቤው ሆምስ እንደ ባቤጅ የስሌት ማሽን ሰብአዊነት የሌለው መሆኑን፣ ፍቅር የመያዙ ነገርም ከማሽኑ የተሻለ ተስፋ እንደሌለው ይናገራል። ቻርልስ ባቤጅ በማርሽ የሚሠራ ማስሊያ የነደፈ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ኮናን ዶይል ሊገልጽ የፈለገውም ከብረት የተሠራ አእምሮን ነው።

ይህን ማስረጃ ሲመዝኑ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ። እስከ 1892 አጋማሽ የታተሙት ሁለት ረጅም ልብ ወለዶችና የመጀመሪያዎቹ 12 አጫጭር ታሪኮች ነበሩ። ጠቅላላው የሆምስ ሥራ 4 ረጅምና 56 አጭር፣ በድምሩ 60 ነው። ማለትም ደብዳቤው ሲጻፍ 46ቱ ገና አልተወለዱም። ደብዳቤው ደራሲው በዚያን ጊዜ ገጸ ባሕርዩን እንዴት ያስበው እንደነበር የሚነግረን ጥሩ ምስክር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 35 ዓመታት ስለሚጻፈው ግን ሊመሰክር አይችልም። ተቀባዩንም አይርሱ። ሐኪም የሆነ ደራሲ ለሐኪም መምህሩ ስለ ጋራ ፍጡራቸው ሲጽፍ የአእምሮውን ጎን አጉልቶ ቢያወጣ አይገርምም። የመልእክቱም ይዘት «ፍቅር አይዘውም» የሚል ብቻ ነው። ለሴትም ለወንድም አላለም፤ ጥያቄው በአእምሮው ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ምስክር በ1924 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። እዚያም ያንኑ ይደግመዋል፦ ሆምስ ማስሊያ ማሽን ነው፣ በዚያ ላይ የሚጨመር ማናቸውም ነገር ያዳክመዋል። ይህ ከደብዳቤው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስላል፤ አብዛኛው ተጽፎ ካለቀ በኋላ የተሰጠ፣ ለአደባባይ የታሰበ ቃል ነውና። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት 1924፣ «ሦስቱ ጋሪዴቦች» የሚለው ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ታተመ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ማሽኑ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዐይኑ ይደበዝዛል። ያው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ እጁ «ምንም አይጨመርበትም» ብሎ ጽፎ በሌላው ጨመረበት። የደራሲው ቃልና የደራሲው ሥራ ሲጋጩ የትኛውን እንደሚያምኑ ከጅምሩ መወሰን ያለብዎት ለዚህ ነው። እኔ ሥራውን አምናለሁ። ደራሲ ስለ ገጸ ባሕርዩ በሌላ ቦታ የሚሰጠው ቃል ማጠቃለያ ነው፤ ማጠቃለያ ደግሞ የሚያስቸግረውን ነገር ይዘልላል።

ሦስተኛውን ምስክር ጓደኛዎ አልጠቀሰውም። አሜሪካዊው ተዋናይ ዊልያም ጂሌት በ1899 መድረክ ላይ ያወጣውን የሆምስ ተውኔት ሲያዘጋጅ ሆምስን ማጋባት ይችል እንደሆነ በቴሌግራም ኮናን ዶይልን ጠየቀ። መልሱ «ማጋባትም፣ መግደልም፣ የፈለግከውን ማድረግም ትችላለህ» የሚል ነበር። ይህን ያስቀመጠልን ራሱ ኮናን ዶይል በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው። በደብዳቤው ፍቅርን የከለከለ ደራሲ በቴሌግራሙ ሠርግ ፈቀደ። ስለዚህ «የደራሲውን ፍላጎት እናክብር» የሚል ሰው የትኛውን ፍላጎት እንደሚያከብር መናገር አለበት።

አሁን ወደ ድርሰቱ። እያንዳንዱን ጥቅስ ሲሰበስቡ ከጎኑ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ ማን ይናገራል፣ ለማን፣ ታሪኩስ መቼ ታተመ። ከ60ዎቹ 56ቱን የሚተርከው ዋትሰን ነው፤ ሁለቱ በሦስተኛ መደብ የተተረኩ ናቸው፣ ሁለቱን («የነጣው ወታደር»ና «የአንበሳው ጋማ») ሆምስ ራሱ ይተርካቸዋል። ይህ ለእርስዎ ርዕስ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ሆምስ ልብ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በዋትሰን ዐይን የታየ ነው፤ ዋትሰን ደግሞ ገለልተኛ ታዛቢ አይደለም፣ የሚያደንቅና የሚወድድ ሰው ነው።

ለ«ፍቅር የለሹ» ሆምስ የሚቀርቡት ጥቅሶች ብዙና ግልጽ ናቸው። «የአራቱ ምልክት» መጨረሻ ላይ ዋትሰን ሜሪ ሞርስታንን እንደሚያገባ ሲነግረው ሆምስ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት እንደማይችል ይገልጽለታል። ፍቅር ስሜታዊ ነገር ነው፣ ስሜታዊ የሆነ ሁሉ ከሁሉ በላይ ከሚያስቀድመው ቀዝቃዛ አመክንዮ ጋር ይጋጫል፣ ፍርዱ እንዳይዛባ ሲል እሱ ፈጽሞ አያገባም። እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። ሆምስ «ስሜቱ የለኝም» አላለም። «ፍርዴን ያዛባብኛል» ነው ያለው። ይህ የሚከለክል ሰው አነጋገር ነው። ወሲባዊ ስሜት የሌለው ነው ለሚሉት ይህ ጥቅስ የሚመስለውን ያህል አያግዛቸውም። የተሻለ የሚያግዛቸው በ1926 በራሱ አፍ በተረከው «የአንበሳው ጋማ» ውስጥ ያለው ነው። እዚያ ሴቶች እሱን እምብዛም ስበውት እንደማያውቁ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ አእምሮው ልቡን ሁልጊዜ ይገዛው እንደነበር ይገልጻል። «እምብዛም» የሚለው ቃል «ፈጽሞ» እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ሆምስን ማሽን የሚያስመስሉ ሁለት ጥቅሶች እንኳ እኩል አይደሉም።

ለዋትሰን ያለው ፍቅር የሚታይበት ዋናው ትዕይንት የ«ሦስቱ ጋሪዴቦች» ነው። ኢቫንስ የሚባል ነፍሰ ገዳይ ከወለል በታች የተደበቀ የሐሰት ገንዘብ ማተሚያ ፍለጋ ይመጣል፤ ሁለቱ አድፍጠው ይይዙታል። ኢቫንስ ሽጉጥ መዝዞ ሁለቴ ይተኩሳል። ዋትሰን ጭኑን የጋለ ብረት የነካው ያህል ያቃጥለዋል። ሆምስ በሽጉጡ የሰውየውን ጭንቅላት መትቶ ከጣለ በኋላ ዋትሰንን ደግፎ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። «አልተጎዳህም አይደል፣ ዋትሰን? በፈጠረህ፣ አልተጎዳሁም በለኝ!» ሱሪውን በሰንጢ ይቀድደዋል፤ ቁስሉ ላይ ላዩን ነው። ወደ ኢቫንስ ዞሮ ዋትሰንን ገድሎት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ክፍል በሕይወት እንደማይወጣ ይነግረዋል። ዋትሰን ደግሞ ከዚያ ቀዝቃዛ ጭምብል በስተጀርባ ያለውን ታማኝነትና ፍቅር ለማወቅ አንድ ቁስል ቀርቶ ብዙ ቁስልም ይገባ ነበር ይላል። የታላቁን ልብ በጨረፍታ ያየሁት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎም ይጨምራል።

ይህን «አንድ ጊዜ ብቻ» እንደወረደ አይቀበሉት። በ1910 የታተመውን «የሰይጣን እግር»ን ያውጡና አጠገቡ ያስቀምጡት። እዚያ ሆምስ የመርዝ ጭስ በራሱና በዋትሰን ላይ ሊሞክር ይነሳል። ሁለቱም ሊያብዱ ሲደርሱ ዋትሰን እንደምንም ብሎ ሆምስን አቅፎ እየጎተተ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ሆምስ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ዋትሰንም የሆምስን ልብ የዚያን ያህል አይቶ እንደማያውቅ ይጽፋል፣ እሱን መርዳትም ታላቁ ደስታው መሆኑን ይነግረዋል። ስለዚህ ጨረፍታው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ይህን ማስታወስ ያለብዎት ዋትሰንን ለማሳጣት አይደለም። ተራኪው ለትዕይንቱ ኃይል ሲል የሚያጋንን መሆኑን ካወቁ በሌላውም ቦታ ሆምስ ማሽን ነው ሲል ያንኑ ጥርጣሬ መጠቀም ስለሚኖርብዎት ነው። የተመቸንን ጥቅስ አምነን ያልተመቸንን «ዋትሰን አጋኖ ነው» ማለት አይሆንም።

የ«ሰይጣን እግር» ዋና ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሆምስ ልቡን የዚያን ያህል ባሳየበት በዚያው ታሪክ መጨረሻ ላይ «አፍቅሬ አላውቅም፣ ዋትሰን» ይላል፤ ቀጥሎም ቢያፈቅርና የወደዳት ሴት እንዲያ ያለ ሞት ብትሞት እሱም የሚወዳትን ሴት ገዳይ በበቀል እንደገደለው አንበሳ አዳኝ እንደ ስተርንዴል ሊያደርግ ይችል እንደነበር ይናገራል። ሁለቱ ንባቦች ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚህ ነው። «ዋትሰንን ያፈቅራል» የሚሉት ሆምስ የካደው የሴትን ፍቅር ነው ይላሉ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዲያ አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ሐረግ ገደብ የለውም፤ ሴቷ የምትመጣው በ«ቢሆን ኖሮ» ውስጥ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ካደ ማለት ደበቀ ማለት ነው» ይላሉ። ይህኛው ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው። ማመኑም መካዱም ዝምታውም ማስረጃ ከሆነ ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችል ነገር በዓለም ላይ አይኖርም። ሊፈርስ የማይችል ንባብ ደግሞ ፈታኝዎ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅዎ መልስ ያሳጣዎታል። በእኔ ሚዛን ይህ ጥቅስ ለፍቅር የለሹ ሆምስ ያደላል፣ ግን አይዘጋውም። ሰው ያልሰየመውን ስሜት ሊኖረው ይችላልና።

ብዙ ተንታኞች የሚዘልሏቸው፣ ለዋትሰን ወገን ከተኩሱ ትዕይንት ያልተናነሰ የሚጠቅሙ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው «የኖርውዱ ግንበኛ» ነው። ሆምስ ከሞት የተነሣ ያህል ተመልሶ ሲመጣ ዋትሰን የኬንሲንግተን ክሊኒኩን ሸጦ ወደ ቤከር ጎዳና ይመለሳል። ገዥው ወጣት ሐኪም የተጠየቀውን ከፍተኛ ዋጋ ያለ ብዙ ክርክር ይከፍላል። ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ የሆምስ የሩቅ ዘመድ መሆኑ፣ ገንዘቡንም ያቀረበው ሆምስ መሆኑ ይታወቃል። ማሽን የተባለው ሰው ጓደኛውን ወደ ቤት ለመመለስ በድብቅ ገንዘብ አወጣ። ሁለተኛው «የነጣው ወታደር» ነው። ሆምስ በራሱ ብዕር ዋትሰን በዚያን ጊዜ ለሚስት ሲል ጥሎት እንደሄደ፣ በአብሮነታቸውም ውስጥ የሚያስታውሰው ብቸኛው የራስ ወዳድነት ድርጊት ይህ እንደሆነ ይጽፋል። ሊቀልድ ይችላል። ቅሬታ አለበት ብሎ ማንበብም ግን ጥቅሱን ማጣመም አይደለም። ተራኪው ዋትሰን ስላልሆነ ደግሞ ማጋነን ነው ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ደግሞ ብዙ ጽሑፎችን የሚያበላሹ ነገሮች። «ከንፈሩ የተጣመመው ሰው» ውስጥ ሁለቱ እንግድነት በሄዱበት ቤት አንድ ክፍል ያድራሉ፤ ይህን ይዞ «አንድ አልጋ ተጋሩ» የሚል ይበዛል። ገጹን ያንብቡት። ዋትሰን ወዲያው አልጋው ውስጥ ይገባል። ሆምስ ካፖርቱንና ሰደርያውን አውልቆ፣ ሰማያዊ የቤት ጋቢውን ደርቦ፣ ትራስ ከገዛ አልጋው፣ መከዳ ከሶፋውና ከወንበሮቹ ለቃቅሞ መሬት ላይ መቀመጫ ይሠራል፤ እግሩን አጣጥፎ ትምባሆውን እያጨሰ እስኪነጋ ያስባል። አልጋው ሁለት ነው፤ የሆምስ አልጋ ጭራሽ አልተተኛበትም። «ሚልቨርተን» ውስጥ ደግሞ በጨለማ ቤት ውስጥ ሲደበቁ ሆምስ የዋትሰንን እጅ ይይዛል። እጅ መያዝ በእያንዳንዱ ዘመንና አገር የራሱ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማንም ዞሮ አያይም፤ ሌላ አገር የመጣ እንግዳ ግን ሌላ ነገር ሊያነብ ይችላል። የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዛውያን ወንዶችም ከዛሬዎቹ ይልቅ በጓደኝነት ቅርበት ነፃ ነበሩ። ስለዚህ ድርጊቱን ከዘመኑ ልማድ ጋር ሳያወዳድሩ ማስረጃ አያድርጉት። አብሮ መኖራቸውም ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ የተገናኙት ለቤት ኪራይ ነው፤ ከአፍጋኒስታን ጦርነት ቆስሎ የተመለሰው ዋትሰን የቀን አበሉ 11 ሺሊንግና 6 ፔንስ ነበረችና ለንደን ውስጥ ብቻውን መኖር ከበደው።

በዚያው «ሚልቨርተን» ውስጥ ሆምስ ቧንቧ ሠራተኛ መስሎ የባለጋራውን የቤት ሠራተኛ ያጫል፤ መረጃ እስኪያገኝ ብቻ። አንዱ ወገን «ሴት ይፈልጋል» ብሎ፣ ሌላው «ለሴት ደንታ የለውም» ብሎ ይጠቅሰዋል። ለሁለቱም አይበቃም። የሚያሳየው ለሥራው ሲል የሰው ስሜት ለመጠቀም እንደማይሳቀቅ ነው፤ ዋትሰንም ልጅቷስ ብሎ ይቆረቆራል። የዋትሰንን ጋብቻዎች ቁጥርና ቀን ቆጥሮ ምስጢር የሚያወጣም አለ። ይህን ይተዉት። ኮናን ዶይል ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ግድ አልነበረውም። ዋትሰን በአንድ ታሪክ ትከሻው ላይ፣ በሌላው እግሩ ላይ የቆሰለ ነው፤ ስሙ ጆን የሆነውን ሰው ደግሞ የገዛ ሚስቱ «ጄምስ» ትለዋለች። ከደራሲ ግድየለሽነት ላይ ምስጢር መገንባት በሬ ወለደ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አጥብቄ የምነግርዎ ሆምስን በብልጠት ስለረታችው ስለ አይሪን አድለር ነው። «ደራሲውን አክብሩ» እያሉ የዋትሰንን ንባብ የሚቃወሙ ብዙዎች ሆምስን ከአይሪን ጋር ያዛመዱ ፊልሞችን ያለ ተቃውሞ ያያሉ። አይሪን ያለችበት «ቅሌት በቦሄሚያ» በመጀመሪያው አንቀጹ ላይ ሆምስ ለእሷ ከፍቅር ጋር የሚመሳሰል ስሜት እንዳልነበረው፣ ያ ስሜት በተለይ ለቀዝቃዛ አእምሮው አስጸያፊ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ከክፍያ ይልቅ ፎቶግራፏን መጠየቁ፣ በሠርጓ ላይ ምስክር ሆኖ የሰጠችውን የወርቅ ሳንቲም በሰዓት ሰንሰለቱ ላይ አንጠለጥላለሁ ማለቱ ለሮማንሱ የሚቀርቡ ማስረጃዎች ናቸው፤ መጥፎ አይደሉም። ግን ድርሰቱ በግልጽ የከለከለው ንባብ ይህ ነው። በዋትሰንና በሆምስ መካከል ያለውን በተመለከተ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ክልከላ የሌለበትን ሰድቦ ክልከላ ያለበትን ማሳለፍ ከደራሲ አክብሮት የመጣ አይደለም፤ ይህን ጓደኛዎን ቢጠይቁት ጥሩ ነው።

«ሕጉ ስለሚያስፈራው ደበቀ» የሚለውስ? ሕጉ እውነት ነው። የ1885ቱ የእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ማሻሻያ በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት እስከ ሁለት ዓመት እስራት አስቀጣ፤ ኦስካር ዋይልድ በ1895 በዚህ ሕግ ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ኮናን ዶይል ዋይልድን በአካል ያውቀዋል። በነሐሴ 1889 ለንደን ላንገም ሆቴል ከአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ጋር አብረው እራት በልተዋል፤ ከዚያ ራት «የአራቱ ምልክት»ና የዋይልድ ብቸኛ ረጅም ልብ ወለድ ወጡ። ነገር ግን ሕግ መኖሩ ለመደበቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል እንጂ መደበቁን አያሳይም። ለዚያ ደብዳቤ፣ ረቂቅ ወይም የተሰረዘ ገጽ ያስፈልጋል። ያለን የኮናን ዶይል ቃል ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። በሕይወት ታሪኩ የዋይልድን ጉዳይ እንደ በሽታ ያየዋል፤ ቦታው ፖሊስ ፍርድ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል መሆን ነበረበት ይላል። በ1916 የአየርላንድ ነፃነት ታጋዩ ሮጀር ኬዝመንት በአገር ክህደት ሞት ሲፈረድበት ባለሥልጣናቱ የወንድ ፍቅሩን የሚያሳዩ ማስታወሻዎቹን በድብቅ ሲያዞሩ ኮናን ዶይል የምሕረት ልመናውን አልተወም። ለዘመኑ ለዘብተኛ ሰው ነበር። በሽታ ነው ብሎ የሚያምነውን ነገር በሚወደድ ጀግናው ውስጥ በምስጢር አስቀመጠ ለማለት ግን ከርኅራኄው የበለጠ ማስረጃ ያሻል።

ከንድፈ ሐሳቡ በኩል የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነው። አሜሪካውያኑ ሃያስያን ዊምሳትና ቢርድስሊ በ1946 የደራሲው ፍላጎት ለድርሰት መመዘኛ ሊሆን አይገባም አሉ፤ ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት በ1967 የድርሰትን ትርጉም የሚወስነው አንባቢው እንጂ ደራሲው አይደለም ሲል «የደራሲው ሞት»ን ጻፈ። በዚያው ዓመት ደግሞ ኢ. ዲ. ኸርሽ በተቃራኒው ቆሞ ደራሲው ያሰበው ትርጉም ቋሚ ነው፣ የሚለዋወጠው ለእኛ ያለው ፋይዳ ነው ብሎ ለየ። ከሁለቱ ጎራዎች አንዱን ይምረጡና ይጽኑበት። ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁት በገጽ ሁለት ባርትን ጠርተው የኮናን ዶይልን ደብዳቤ ካባረሩ በኋላ፣ በገጽ አምስት ከዋይልድ ጋር ራት መብላቱን ማስረጃ ሲያደርጉ ነው። ደራሲው ከሞተ ራቱም አብሮ ሞቷል። እኔ ለዚህ ርዕስ ኸርሽን እመርጣለሁ፤ «ሆምስ በ1892 ምን ነበር» እና «ሆምስ ዛሬ ለአንባቢ ምን ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በሁለት የተለያዩ አንቀጾች እንዲመልሱ ያስችልዎታል።

እግረ መንገዴን፦ የሆምስ ስሜት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በ2020 የኮናን ዶይል ወራሾች ድርጅት «ኢኖላ ሆምስ» የተባለውን ፊልም ሠሪዎች ከሰሰ። ክሱ ያተኮረው ከ1923 እስከ 1927 በታተሙት የመጨረሻዎቹ ታሪኮች ላይ ነበር፤ ከእነሱም የኋለኞቹ በአሜሪካ በዚያን ጊዜ ገና በቅጂ መብት የተጠበቁ ነበሩ። የክሱም ፍሬ ነገር ስሜት ያለውና ለሰው የሚያዝነው ሆምስ የእነዚያ ታሪኮች ንብረት ነው የሚል ነበር። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ፤ የመጨረሻዎቹ ታሪኮችም በጥር 1 ቀን 2023 በአሜሪካ የሕዝብ ንብረት ሆኑ። ክሱን ከሥነ ጽሑፍ አንፃር ካዩት ደካማ ነበር፤ የ1910ሩ «የሰይጣን እግር» ብቻውን ያፈርሰዋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን የደራሲው ወራሾች ራሳቸው ሆምስ ማሽን ሆኖ አልቀረም ብለው መከራከራቸው ነው።

ጽሑፉን ሲጽፉ እያንዳንዱን ማስረጃ ከሦስት ግሦች አንዱ ጋር ያያይዙ፦ ድርሰቱ ይላል፣ ይፈቅዳል፣ ወይም ይከለክላል። «ሆምስ ዋትሰንን ይወድደዋል» ድርሰቱ ይላል። «ያ ፍቅር የፍቅረኛ ፍቅር ነው» ይፈቅዳል እንጂ አይልም። «ሆምስ ለማንም ወሲባዊ ስሜት የለውም» ይህንም ይፈቅዳል፤ በእኔ ግምት ከቀዳሚው በጥቂት የበለጠ ማስረጃ አለው፣ ምክንያቱም ሆምስ ስለ ራሱ የተናገራቸው አብዛኞቹ ቃላት ወደዚያ ያደላሉ። «አይሪንን አፈቀረ» ይከለክላል። «ኮናን ዶይል ሆምስን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አድርጎ ደብቆ ጻፈው» ስለ ደራሲው እንጂ ስለ ድርሰቱ አይደለም፤ ማስረጃም የለውም። የጽሑፍዎ ዋና ሐሳብም በዚህ ልክ ይቀረጽ፦ «ደራሲው ሆምስን ፍቅር የማይነካው አእምሮ አድርጎ አቅዶት ነበር፤ የኋለኞቹ ታሪኮች ግን ዕቅዱን አልፈው ለዋትሰን ብቻ የሚገለጥ ፍቅር ሰጥተውታል፤ የፍቅሩን ዓይነት ድርሰቱ ክፍት ትቶታል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ጎራ ሊያፈርሰው ይቸገራል።

ጊዜ ካጠረዎት ስድስት ታሪክ ይበቃል፤ በታተሙበት ቅደም ተከተል ያንብቧቸው፦ «የአራቱ ምልክት» የመጨረሻ ምዕራፍ፣ «ቅሌት በቦሄሚያ»፣ «የኖርውዱ ግንበኛ»፣ «የሰይጣን እግር»፣ «ሦስቱ ጋሪዴቦች»፣ «የነጣው ወታደር»። በታሪኩ ውስጥ ባለው የዘመን ቅደም ተከተል ካነበቧቸው የደራሲው ሐሳብ እንዴት እንደተለወጠ አይታይዎትም። ከጽሑፍዎ ግማሹን ያህል ለአንድ ትዕይንት ብቻ ይስጡ፤ ምርጫው የእኔ ቢሆን ከጋሪዴቦቹ ተኩስ ይልቅ «የሰይጣን እግር»ን እወስዳለሁ፣ «አፍቅሬ አላውቅም» ማለቱም ፍቅሩም ጥቂት ገጾች ተራርቀው እዚያው ስላሉ።